የደህና ቀን ጣጣ

«ተሻለህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ካጣሁ ቆየሁ። ጠያቂው ቅን ሰው ነው። አዎ ካልኩት ደስ ይለዋል፤ አይ ካልኩት ያዝናል። እውነቱ ግን ከሁለቱም አይደለም። ወገቤን ያመኛል። ነገም ያመኝ ይሆናል። ያም ሆኖ ካቻምና የማልሞክረውን መንገድ ዛሬ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ደረጃ እወጣለሁ፣ ጫማዬን ጎንበስ ብዬ አስራለሁ። ይህን ሁሉ ቆሞ ማስረዳት ስለማይመች «ደህና ነኝ» ብዬ አልፋለሁ።

እንዲህ ያለውን ህመም ባለሙያዎች ሥር የሰደደ ይሉታል። ከ3 ወር በላይ የቆየ፣ ወይም እየሄደ እየመጣ ከዚያ በላይ ያስቸገረ ማለት ነው። ለምን 3 ወር? የተጎዳ ጡንቻም ሆነ ጅማት በአብዛኛው እስከዚያ ድረስ ስለሚያገግም ነው። ቁስሉ ድኖ ህመሙ ከቀረ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ከ2022 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ ነው) በሥራ ላይ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ለሥር የሰደደ ህመም የራሱን ቦታ ሰጥቶታል። የሌላ በሽታ ምልክት ብቻ ሳይሆን ራሱን ችሎ በሽታ ሊሆን እንደሚችል ተቀብሏል። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። «ምርመራው ምንም አላሳየም» ተብሎ እያነከሰ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ትርጉሙን ያውቀዋል።

ብዙ ነን ደግሞ። በ2020 በዓለም ዙሪያ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ህመም እንደነበረባቸው ተገምቷል። ሰውን ከሥራውና ከኑሮው በማሰናከል የወገብን ህመም የሚቀድመው የለም።

እኔ ግን ዛሬ ላወራ የፈለግኩት በፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በእንቅስቃሴ በሚሰጥ ሕክምና፣ ስላገኘሁት አንድ ነገር ነው። ከመጥፎ ቀን ይልቅ ደህና ቀን ያሰጋል። እንዲህ ሲባል ግራ ያጋባል፣ አውቃለሁ። ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

በቅድሚያ ህመም ራሱ ምን እንደሆነ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት ከሞተ በኋላ፣ በ1664 በታተመ ሥራው ውስጥ አንድ የታወቀ ሥዕል አለ። እግሩን እሳት የነካው ሰው ይታያል። ከእግሩ ተነስቶ እስከ አንጎሉ የሚደርስ ክር አለ። እሳቱ ክሩን ከታች ይስበዋል፣ ላይ ያለው ደወል ይደወላል። አብዛኞቻችን እስከ ዛሬ የምናስበው በዚሁ መንገድ ነው። ካመመኝ እዚያ ቦታ የተበላሸ ነገር አለ። በጣም ካመመኝ በጣም ተበላሽቷል።

በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን አስተሳሰብ ከመሠረቱ ነቀነቁት። መልእክቱ ከእግር ወደ አንጎል ዝም ብሎ አይፈስም፤ ኅብለ ሰረሰር ላይ በር አለ አሉ። በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ደግሞ ከታች የሚመጣው መልእክት ብቻ አይደለም። አንጎልም ከላይ ሆኖ ያዛል። ክርናችንን ስንመታ ወዲያው የምናሸው ለዚህ ነው። የመታሸቱ ስሜት በሩ ላይ ከህመሙ ጋር ይሻማል። በ1983 ክሊፎርድ ዎልፍ የተባለ ሌላ ተመራማሪ ደግሞ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉት ነርቮች ራሳቸው እንደሚለወጡ አሳየ። ከልክ በላይ ንቁ ይሆናሉ። ትንሹን ያጎላሉ። ንክኪውን እንደ ጉዳት ቆጥረው ያስተላልፋሉ።

አንድ ሌሊት ሌባ የገባበትን ግቢ ዘበኛ አስቡት። ከዚያ ወዲያ ድመት ስታልፍም ፊሽካ ይነፋል። ሌባው ከተያዘ ቆይቷል። ዘበኛው አልዋሸም፣ በእርግጥም ኮሽታ ሰምቷል። ፊሽካ በተነፋ ቁጥር የሚሮጥ ቤተሰብ ግን እንቅልፍ አይኖረውም። ወገቤ እንዲህ ሆኖ ነበር።

ይህን ስል አንዳንዱ «እንግዲያው የአእምሮህ ፈጠራ ነው» ይለኛል። አይደለም። እንዲህ ለሚለኝ ሰው ትዕግስት የለኝም። ህመሙ እውነተኛ ነው። የተጋነነው መልእክቱ ነው፤ እሱም የሚጋነነው ነርቭ ውስጥ ነው እንጂ በእኔ ፈቃድ አይደለም። ፊዚዮቴራፒ ታዲያ ወገብን ከመጠገን ይልቅ ይህን የነርቭ ሥርዓት እንደገና የማስተማር ሥራ ነው። እንቅስቃሴው ትምህርቱ ነው።

ወገቤን የተነሳሁበትን የኤምአርአይ ምስል ውጤት ይዤ ስሄድ ፊዚዮቴራፒስቷ ወረቀቱን አየት አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እኔ በቃሌ ይዤው ነበር። የትኛው ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ) እንዳበጠ፣ የትኛው እንደደረቀ፣ ሁሉንም። «ዕድሜዎ ስንት ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ብዙ እኩዮችዎ ቢነሱ እንዲህ ያለ ወረቀት ነው የሚይዙት። ወገባቸውን ሳያማቸው።»

የምታጽናናኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳነብ ግን ነገሩ እውነት ነው። በ2015 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ ወገባቸውን ጨርሶ የማያማቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች የምስል ውጤት አሰባስቧል። በ20 ዓመታቸው 37 በመቶ የሚሆኑት የዲስክ መድከም ይታይባቸዋል። በ80 ዓመታቸው 96 በመቶው። ያበጠ ዲስክም እንዲሁ በ20 ዓመት 30 በመቶ፣ በ80 ዓመት 84 በመቶ። እነዚህ ሁሉ ምንም የማያማቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ። «ዲስክህ ተንሸራቷል» የሚለው አባባል ስንቱን ሰው አልጋ ላይ እንዳዋለው ሳስብ ይገርመኛል። ዲስኩ የህመሙ ምክንያት የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ አዎ። ምስሉ ብቻውን ግን ይህን አይነግርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር ከቀን ወደ ቀን እየከዳ ከሄደ ለነገ የሚባል አይደለም፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ከወገብ ህመም ጋር ትኩሳት ካለ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ከመጣ፣ ቀድሞ ካንሰር ከነበረ፣ ወይም ህመሙ የጀመረው ከከባድ አወዳደቅ በኋላ ከሆነም ሐኪም ሳያይ ስፖርት አይጀመርም። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ይህ ተጣርቶ ላለቀለት ሰው ነው።

ወደ ምንጣፉ እንውረድ።

የመጀመሪያው ልምምዴ ላየው ሰው ያስቃል። በጀርባ መተኛት፣ ጉልበት ማጠፍ፣ መሬቱን በእግር መርገጥ። ከዚያ በወገብና በመሬቱ መሃል ያለችውን ክፍተት ቀስ ብሎ ማጥፋት፣ መልሶ ቀስ ብሎ መክፈት። በቃ። ከበር ላይ ሆኖ ያየኝ ሰው ተኝቷል ነው የሚለው። ፊዚዮቴራፒስቷ እጇን ከወገቤ ሥር ሰድዳ «አሁን እጄን ይጫኑት… አሁን ይልቀቁት» ትላለች። ወገቤን ሳዘው ሆዴ ይወጠራል፣ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣል፣ ጥርሴ ይነከሳል። ወገቤ ንቅንቅ አይልም። «ይተንፍሱ እንጂ!» ትለኛለች። ለካ ትንፋሼን ይዤ ኖሯል። ህመም የለመደ ሰው ሳያውቀው እንደዚህ ነው የሚኖረው። ሸክም ሳይኖር ሸክም እንደሚያነሳ ሰው ተጨምድዶ።

ሁለተኛው በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ የሚሠራው ነው። ቀኝ እጅ ወደ ፊት ይዘረጋል፣ ግራ እግር ወደ ኋላ። ይህም ቀላል ይመስላል። እሷ ግን ግማሽ ውሃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ አምጥታ ወገቤ ላይ አጋደመችው። ጉልበቴ ከመሬት ገና ከመላቀቁ ጠርሙሱ ተንከባሎ ወደቀ። እግሬን የማነሳው በመቀመጫ ጡንቻዬ አልነበረም። ዳሌዬን ወደ አንድ ጎን አጋድዬ ወገቤን እየሰበርኩ ነበር የማነሳው። እኔ ይህ አይታየኝም፣ ለጠርሙሱ ግን ይታየዋል። «ከፍ አያድርጉት። ተረከዝዎን ብቻ ወደ ኋላ ግፉት፣ ግድግዳውን እንደሚነካ።» ዝቅ አድርጌ ስገፋ ውሃው ወዲያ ወዲህ አለ፣ ጠርሙሱ ግን ቆመ። ያኔ መቀመጫዬ ላይ አንድ ሙቀት ተሰማኝ። ሰፋ ያለ፣ ደብዘዝ ያለ። የለመድኩት ህመም እንዲህ አይደለም። የለመድኩት ጠባብና ስል ነው፤ ከወገብ ተነስቶ ወደ ታፋ ይወርዳል። እነዚህን ሁለቱን መለየት በራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። ጡንቻ ሲሠራ የሚሰማን ድካም ለእኛ ለወገብ በሽተኞች አደጋ ይመስለናል። ያን ድካም ስንሸሸው ጡንቻው የባሰ ይላላል።

አሁን ወደ ደህና ቀን ልምጣ።

ወገቡን የሚያመው ሰው ጠዋት ሲነቃ መጀመሪያ የሚያደርገው ወገቡን መጠየቅ ነው። «ዛሬስ እንዴት ነህ?» ወገቡ ከተቆጣ ሰውየው አይነሳም። ወገቡ ዝም ካለ ግን ጉድ ፈላ። የተጠራቀመው ሥራ ሁሉ የዚያን ቀን ይሠራል። ልብስ ይታጠባል። ቁም ሳጥን ይገፋል። ሳይጠየቅ የሰነበተ ዘመድ ሁሉ ይጠየቃል። ማታ ላይ ሰውየው በራሱ ይኮራል፤ «ድኛለሁ ማለት ነው» ይላል። በማግስቱ ከአልጋው ለመውረድ ግድግዳ ይይዛል። ቀናት ይተኛል። ጡንቻው ይላላል፣ ፍርሃቱ ይጨምራል፣ ሥራው ይጠራቀማል። ከዚያ ሌላ ደህና ቀን ይመጣል። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል የተባለው ለእኛ ሳይሆን አይቀርም። በዞረ ቁጥር ደግሞ ሰውየው የሚችለው ነገር ትንሽ ትንሽ እያነሰ ነው የሚሄደው።

በዚህ ኑሮ ውስጥ አዛዡ ማነው? በመጥፎ ቀን ህመሙ ተኛ ይለዋል፣ ይተኛል። በደህና ቀን የህመሙ መጥፋት ተነስ ይለዋል፣ ይነሳል። በሁለቱም ቀን ራሱ የወሰነው ነገር የለም። በመጥፎ ቀን መታዘዙ ለሁሉም ይታያል፤ ስለሚያሳዝን። በደህና ቀን መታዘዙ አይታይም፤ ስለሚያስደስት። ደህና ቀን ያሰጋል የምለው ለዚህ ነው።

ይህን አጥርቶ ያየው ዊልበርት ፎርዳይስ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ ታካሚዎች ሁሉ አንድ ነገር ሲያደርጉ ተመለከተ። እስኪያማቸው ይሠራሉ፣ ሲያማቸው ያርፋሉ። እንዲህ ከሆነ ዕረፍት የህመም ሽልማት ሆነ ማለት ነው አለ። ገለበጠው። ታካሚው የሚያቆመው ሲያመው ሳይሆን አስቀድሞ የተወሰነለት ቁጥር ሲደርስ ነው። ዕረፍቱ ለሥራው ይሰጣል እንጂ ለህመሙ አይሰጥም። ቁጥሩ ሰውየው ከሚችለው በታች ይጀምራል፤ ከዚያ በዕቅድ ከፍ ይላል። ዛሬ በየፊዚዮቴራፒ ክፍሉ የሚሠራበት የመጠን አወሳሰን ሥሩ ይህ ነው።

እኔ ላይ እንዲህ ነው የተሠራው። «በክፉ ቀንዎ እንኳን ሳይባባስብዎ ምን ያህል መራመድ ይችላሉ?» አለችኝ። አሰብኩና ነገርኳት። ከሱ ላይ ቀነሰችለት። ሳቅ መጣብኝ፤ ከቤት ወጥቶ ለመመለስ እንኳን የማይበቃ ደቂቃ ነበር። «ክፉ ቀን ሲሆን ይህን ይሄዳሉ። ደህና ቀን ሲሆንም ይህንኑ ይሄዳሉ።» ደግማ አስባለችኝ።

የሚከብደኝ የክፉው ቀን ነው ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አይደለም። በክፉ ቀን ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ እያማረርኩም ቢሆን እጨርሰዋለሁ። የከበደኝ በደህና ቀን መመለስ ነው። ወገቤ ጸጥ ብሏል፣ እግሬ ተፍታቷል፣ አየሩ ደስ ይላል። ሰዓቱ ጮኸ። ተመለስ! ያን ጊዜ የሚመጣውን ንዴት የቀመሰው ያውቀዋል። «ገና መሞቄ ነው እኮ» ብዬ ተከራክሬያታለሁ። «ልክ ነው፤ ለዚህ ነው የሚመለሱት» አለች፣ ምንም ሳይመስላት።

ለምን እንደሚሠራ እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ። ሰውነቴ ለዓመታት የተማረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስንቀሳቀስ መጨረሻው ስቃይ ነው። አሁን ቀን በቀን የተንቀሳቀሰ፣ ግን መጨረሻው ስቃይ ያልሆነ ልምድ እየተጠራቀመለት ነው። አንድ ትልቅ ቀን ይህን አያስተምርም። ብዙ ተመሳሳይ ትንንሽ ቀናት ናቸው የሚያስተምሩት። አሰልቺነቱ የሕክምናው ክፍል ነው ማለት ነው፤ ይህን ስረዳ ስልቸታው ራሱ ቀለል አለልኝ።

ትንሽም አይመምህ ማለት ግን አይደለም። ብዙ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ ደንብ አለ። ከ0 እስከ 10 በሚለካው መለኪያ በልምምድ ጊዜ ህመሙ እስከ 5 ቢደርስ ይፈቀዳል፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ቦታው እስከተመለሰ ድረስ። ካልተመለሰ መጠኑ በዝቷል፣ ይቀነሳል። ይቀነሳል እንጂ አይተውም። «ማመም ሁሉ መጎዳት አይደለም» የምትለው አነጋገር ፊዚዮቴራፒስቶች አፍ ላይ የማትጠፋው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ስሰማት ለማለት ያህል የሚሏት መስሎኝ ነበር። ከብዙ ጠዋቶች በኋላ ነው ያመንኳት።

ፍርሃቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። የመንቀሳቀስ ፍርሃት የራሱ መጠይቅ አለው፤ በ1991 የተዘጋጀና 17 ጥያቄዎች ያሉት። «ብንቀሳቀስ ራሴን እጎዳለሁ ብዬ እፈራለሁ» ዓይነት። ይህ ፍርሃት ከህመሙ ባልተናነሰ ሰውን አልጋ ላይ ያውላል። ድሮ ሐኪም ራሱ ተኛ ይል ነበር። በ1986 የወጣ አንድ ጥናት ወገባቸውን ያመማቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ግማሹን 2 ቀን፣ ግማሹን 7 ቀን ተኙ አላቸው። 2 ቀን እንዲተኙ የታዘዙት ከሥራ የቀሩበት ጊዜ በ45 በመቶ ያነሰ ነበር። ማገገማቸው ግን ከሌሎቹ አላነሰም።

የኔ ፍርሃት ጎንበስ ማለት ነበር። መሬት ላይ የወደቀ ነገር በእግሬ ጣት እየያዝኩ አነሳ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ ጫማዬን አስወልቃ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ «ከዚያ ያንሱት» አለችኝ። ሲለምድልኝ ዱካ ላይ፣ ከዚያ ዝቅ ያለ ሣጥን ላይ። መሬት ከመድረሱ በፊት ሳምንታት ሄዱ። ሲያነሱ ወገብዎን ቀጥ ያድርጉ እንኳን አላለችኝም፣ ይህ ነው የገረመኝ። «እንደመጣልዎት ያንሱት። ጎንበስ የሚል ወገብ ነው የተሰጠዎት።»

ሰዎች ከኔ ለየት ያለ ነገር ሊሰሙ ይፈልጋሉ። የትኛው ስፖርት ነው ያዳነህ? ዋና? ፒላቴስ? ዮጋ? መልሱ ያሳዝናቸዋል። በ2021 የወጣ አንድ ትልቅ ግምገማ በሥር የሰደደ የወገብ ህመም ላይ የተደረጉ 249 ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምሯል። ስፖርት የሚሠሩት ምንም ካልተደረገላቸው ወይም የተለመደው ሕክምና ብቻ ከተሰጣቸው ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ ህመማቸው ከ100 ነጥብ በአማካይ 15 ያህል ቀንሷል። 15 ነጥብ ተአምር አይደለም። «ተነሱና በሳምንት ዳኑ» የሚል ቪዲዮ ያየ ሰው ይህን ሲሰማ ይናደዳል። ከ15 ነጥብ በላይ ደግሞ ያገኘሁት ነገር አለ፤ ያ ቁጥር ህመምን እንጂ ኑሮን አይለካም። ስለ ዓይነቱ ከሆነ፣ አንዱ ከሌላው የሚበልጠው ያን ያህል አይደለም። ሰውየው ሳያቋርጥ የሚሠራው ስፖርት ነው የሚሻለው።

መራመድ ይናቃል። በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት 701 ሰዎችን ወስዶ ነበር፤ ሁሉም ከወገብ ህመም በቅርቡ ያገገሙ። በፊዚዮቴራፒስት እየታገዙ ቀስ በቀስ የእግር ጉዞ የጨመሩት ሰዎች ህመሙ እንደገና እስኪነሳባቸው ድረስ መካከለኛው ጊዜ 208 ቀን ነበር። ያልታገዙት 112 ቀን። ለዚህ ጫማ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ማሽን ስለሚበዛባቸው ቦታዎችም ልናገር። ከዚህ በፊት ሄጄበት የነበረ አንድ ቦታ በሆዴ አስተኝተው፣ ሙቀት ለጥፈው፣ በአልትራሳውንድ (በድምፅ ሞገድ ማሽን) አሽተው ይሸኙኝ ነበር። ደስ ይላል፣ አልክድም። እንቅልፍ ሁሉ ወስዶኝ ያውቃል። አንድም ቀን ግን ተነስና ተንቀሳቀስ ያለኝ ሰው አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ የወገብ ህመም የተደራጀ የስፖርት ፕሮግራምን ይደግፋል። የወገብ ቀበቶን፣ በማሽን መጎተትን፣ የሕክምና አልትራሳውንድንና በቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኤሌክትሪክ ንዝረትን ግን አይመክርም። ይህን ሳነብ ያን ቦታ አሰብኩት። እዚያ የነበሩት እነዚህ ብቻ ነበሩ።

ምክር ደግሞ ከየትም ይዘንባል። ወገብ ላይ ሁሉም ሐኪም ነው። አንዱ መሬት ላይ ተኛ ይላል፣ ሌላው ስፖንጅ ግዛ። በነገራችን ላይ ይህን የመረመሩ አሉ። በ2003 የወጣ፣ 313 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ከደረቁ ፍራሽ እንደሚሻል አገኘ። ጠንካራ ፍራሽ ላይ ተኛ ሲባል የኖረው ሁሉ እንዲያው ነው የተንገላታው።

ማስታገሻ ክኒን አልጠላም። ሐኪም ያዘዘልኝን የምወስደው ግን ለመተኛት ሳይሆን ለመነሳት እንዲያስችለኝ ነው። እንቅልፍም እንዲሁ ቀላል ነገር አይደለም፤ ያልተኛሁ ቀን ያው ወገብ በእጥፍ ያመኛል።

ደብተር አለኝ። መጀመሪያ ሰዓት እየቆጠርኩ ህመሜን የምጽፍበት ነበር። ህመሙ ከ0 እስከ 10 ሲለካ ጠዋት 6፣ ቀትር 7፣ ማታ 5። ፊዚዮቴራፒስቷ አይታ ዘጋችው። «ይህ ደብተር ቀኑን ሙሉ ህመምዎን እንዲጠብቁ ነው የሚያስተምርዎ። የሠሩትን ብቻ ይጻፉ።» በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔም መደበቅ ሊሆንብኝ ነው ብዬ ነበር። አልሆነም። ለሐኪም መንገር አንድ ነገር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለራስ እየነገሩ መዋል ሌላ። አሁን ገጹ ላይ ያለው የተራመድኩት ደቂቃና ያነሳሁት ክብደት ነው። ከወራት በኋላ መለስ ብዬ ሳገላብጠው የሚታየኝ ወደ ላይ የሚሄድ መስመር ነው። የህመሙ ደብተር ቢሆን ኖሮ አንዱ ገጽ ከሌላው አይለይም ነበር።

ህመሙ ተነስቶ የሚያስቸግርባቸው ሰሞኖች አሁንም አሉ። ለእነሱ የሚሆነው ዕቅድ የተጻፈው ደህና በሆንኩ ጊዜ ነው፤ ሲያመኝ የማስበው ሐሳብ አያስተማምንም። ቁጥሩን በግማሽ መቀነስ፣ ዜሮ አለማድረግ። ከባዱን ልምምድ ትቶ የመጀመሪያውን፣ ተኝቶ የሚሠራውን መሥራት። አጭር መንገድ ቢሆንም መውጣት። ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ አንድ ደረጃ፣ ከዚያ አንድ ደረጃ መጨመር። ወገቡ ዝም ባለበት የመጀመሪያው ቀን ዘልሎ ወደ ድሮው ቁጥር መመለስ ክልክል ነው። ቤተሰብም ይህን ዕቅድ ያውቀዋል። በዚያ ሰሞን ከአልጋ እንዳልወርድ የሚከለክለኝ የለም፤ ቁም ሳጥን ልግፋ ብል ግን ሁሉም ተነስቶ ይጮህብኛል።

ቀጠሮዎቹ እየተራራቁ ነው። አሁን ከመሬት ክብደት ማንሳት ላይ ነን፤ ክብደቱ ገና ቀላል ነው። በሚቀጥለው ስሄድ ስለ ሩጫ ልጠይቃት አስቤያለሁ። አትከለክለኝም፣ አውቃታለሁ። ቁጥር ነው የምትሰጠኝ። ቁጥሩም እንደሚያናድደኝ ከወዲሁ ታውቆኛል።